ፈጣን ሃችባክ ለአዳማ መንገድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ላይ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ምክር አያጣም። ጎረቤቱም፣ ደላላውም፣ መካኒኩም ስለ እነዚህ መኪኖች እኩል ያውቃሉ። ጎልፍ ጂቲአይ ወይም አውዲ ኤስ 3 ዐይኑ የገባች ሰው ግን የሚሰማው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ «ምን ዓይነት መኪና ናት!» እና «ምን ነካህ?»። ከታች ያሉት በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው።

በትክክል ስለ የትኞቹ መኪኖች ነው የምናወራው?

ሃችባክ የኋላ በሩ ከነ መስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈት አጭር መኪና ነው። ፈጣኖቹን ከውጭ ሲያዩዋቸው ተራ የከተማ መኪና ይመስላሉ፤ ሞተራቸው፣ ፍሬናቸውና አሞርዛተራቸው ግን ለሌላ ሥራ የተዘጋጀ ነው። በዓለም ዙሪያ ስማቸውን ያስጠራው እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ የቀረበው ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ነው። ሰባተኛው ትውልድ ጂቲአይ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ሞተሩ 220 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 6 ሰከንድ ተኩል ገደማ ይበቃዋል። ከእርሱ ከፍ ሲል ጎልፍ አር፣ አውዲ ኤስ 3 እና ቢኤምደብሊው ኤም 135 አይ አሉ። ጫፍ ላይ ደግሞ ከ2 ሊትር ሞተር 421 የፈረስ ጉልበት የምታወጣው መርሴዲስ ኤኤምጂ ኤ 45 ኤስ ተቀምጣለች። ከጃፓን ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር እና ቶዮታ ጂአር ያሪስ ይጠቀሳሉ። ጂአር ያሪስ በስም የቪትዝ እኅት ናት፤ ከስሙ ባሻገር የሚያመሳስላቸው ጥቂት ነው።

ከውጭ አዲስ አስመጥቼ መግዛት እችላለሁ?

በነዳጅ የሚሠራ ከሆነ አይችሉም። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ስለዚህ ቤንዚን የሚጠጣ ፈጣን ሃችባክ የሚፈልግ ሰው ቀድመው ከገቡት ውስጥ ይመርጣል። እነዚያም ጥቂት ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከ1,800 ሲሲ (1.8 ሊትር) በላይ ሞተር ባላቸው አዲስ መኪኖች ላይ 100 በመቶ፣ ብዙ ዓመት ባገለገሉት ላይ ደግሞ እስከ 500 በመቶ ጥሎ ስለነበር፣ ባለ 2 ሊትር ጎልፍ ማስገባት ከእገዳው በፊትም የድፍረት ሥራ ነበር።

ገበያው እንዲህ ሲጠብ የሚጎዳው ገዢው ነው። ለቪትዝ ዋጋ ሳይስማሙ ቢቀሩ በነጋታው ሌላ ያያሉ። አንዲት ነጭ ጂቲአይ ለማየት ወራት የጠበቀ ሰው ግን፣ ከሞተሩ ሥር የሚንጠባጠበውን ውኃ እያየ «ይህማ ቀላል ነው» ማለት ይጀምራል።

ያ ሁሉ ፍጥነት አዳማ ላይ ምን ይሠራልኛል?

ከተማው ውስጥ ምንም ማለት ይቻላል። ከፖስታ ቤት ወደ ፍራንኮ ሲነዱ ፍጥነትዎን የሚወስነው ከፊትዎ ያለው ባጃጅ ነው፤ ባጃጁም ተሳፋሪ ባየበት ይቆማል። በዚህ መንገድ ላይ 220 የፈረስ ጉልበትና 70 የፈረስ ጉልበት አንድ ናቸው።

የአዲስ አበባ–አዳማ ፍጥነት መንገድስ? ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ባለ ሦስት መስመር ነው፤ ከፍተኛው የፍጥነት ወሰን ግን በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው። ጂቲአይ ከክፍያ ጣቢያው ተነሥታ እዚያ ወሰን ላይ ለመድረስ አሥር ሰከንድ እንኳ አይፈጅባትም። ቀሪውን መንገድ ከኋላዋ ከሚመጣው ኮሮላ እኩል ትሄዳለች፤ ካልሆነ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ትተዋወቃለች። ይሁን እንጂ በ120 ላይ ያለው ልዩነት ከፍጥነት መለኪያው አይነበብም። አዳማ ዙሪያ ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚያ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከጎን የሚመታው ነፋስ ቀላልና ረጅም መኪናን ከመስመሯ ሲገፋ፣ ዝቅ ብላ ሰፊ ጎማ ላይ የተቀመጠችው ጎልፍ መሪዋን ብዙም አታስጨንቅም። ፍሬኗም በድንገት ሲረገጥ መኪናዋን ቀጥ አድርጎ ያቆማል። በየሳምንቱ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ይህ ከፈረስ ጉልበቱ ይበልጣል።

ጉልበቱ በእውነት የሚያስፈልግበት ቦታ ሌላ ነው፦ ወደ አዋሽ የሚወስደው የጂቡቲ ከባድ መኪኖች መንገድ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባለ ተጎታች መኪናን ደርበው እስከ 100 ፈጥነው ለመመለስ፣ በሒሳብ ግምት ለጂቲአይ 7 ሰከንድ ገደማ ይበቃታል፤ አነስተኛ ሞተር ያላት መኪና ወደ 10 ሰከንድ ትፈልጋለች። በዚያ የ3 ሰከንድ ልዩነት ውስጥ ከፊት በ80 የሚመጣ ተሽከርካሪ ከ65 ሜትር በላይ ይጓዛል። ፈጣን መኪና ለደኅንነት ይጠቅማል የሚለውን ክርክር እዚህ ላይ እቀበላለሁ። እዚህ ላይ ብቻ፤ ምክንያቱም ጉልበት ያለው ሹፌር መቅደም የማይገባውንም ለመቅደም ይደፍራል።

ዝቅ ያለች መኪና ጉብታውንና ኮብልስቶኑን ትችላለች?

ከዚህ ሁሉ ጥያቄ አንዱን ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን ያንብብ። የሚያስለቅሰው የመኪናዋ ዝቅታ ሳይሆን የጎማዋ ቅጥነት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ጎማው ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ ሦስተኛው የቸርኬው ኢንች ነው። ለቪትዝ የተለመደው 165/70/14 ጎማ ከአስፋልቱ እስከ ቸርኬው ድረስ 115 ሚሊ ሜትር ገደማ ጎን አለው። የጂቲአይ 225/40/18 ጎማ 90 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 235/35/19 ሲሆን ወደ 82 ይወርዳል። ያ ጎማና አየር ነው በጉድጓዱ ጠርዝና በብረቱ መካከል የሚቆመው። ቪትዝ «ጓ» ብላ የምታልፈው ጉድጓድ 19 ኢንች ቸርኬን ሊያጣምም፣ አንዳንዴም ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ጎማው ደግሞ በጎኑ ያብጣል። ያበጠ ጎማ አይጠገንም። ጎሚስታ ጋ ወስደው «ትንሽ ነው፣ ይሄዳል» ቢባሉ አይስሙ፤ በፍጥነት መንገዱ ላይ የሚፈነዳው እርሱ ነው።

መፍትሔው አለ፤ ብዙ ሰው ግን ውበት ይቀንሳል ብሎ ይሸሸዋል። ጂቲአይን ወደ 17 ኢንች ቸርኬና ወደ 225/45/17 ጎማ ማውረድ ይቻላል። የጎማው ጎን ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ ይሆናል፤ አጠቃላይ ዲያሜትሩ ስለማይለወጥ የፍጥነት መለኪያው አይዋሽም። በአውሮፓ ጂቲአይ በ17 ኢንች ትሸጥ ስለነበር ነገሩ የመንደር ፈጠራ አይደለም። ኤ 45 ላይ ግን ይህን አያስቡ፤ የፊት ፍሬን ዲስኩ ትልቅ ስለሆነ ትንሽ ቸርኬ አይገባባትም። ለአዳማ የቮልስዋገኑን ጂቲአይ ከኤኤምጂው የማስቀድምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ዝቅታውን በተመለከተ፣ ጂቲአይ ከተራው ጎልፍ የምታንሰው በ15 ሚሊ ሜትር ነው። ዋናውን አስፋልት ያለ ጭንቀት ትሄዳለች። ቀለም ያልተቀባ፣ ሠፈርተኛው በራሱ ሲሚንቶ የሠራው ጉብታ ላይ ግን ቀስ ብሎ፣ በሰያፍ ማለፍ ያስፈልጋል። አራት ሰው ከጫኑ ይበልጥ ቀስ ይበሉ። ሞላ ቆርጦ ይበልጥ ዝቅ ማድረግን የሚያስብ ካለ ወደ ሌላ ከተማ ይሂድ። ከፍ ለማድረግ ሞላው ሥር ወፍራም ጎማ ማስገባትም ቪትዝ ላይ ቢለመድም፣ እዚህ የመሪውን አያያዝ ያበላሻል፤ ገንዘቡን ያወጡት ደግሞ ለዚያ አያያዝ ነበር።

ክረምት ላይ ከከተማዋ ዙሪያ ኮረብቶች ጎርፍ ሲወርድ ጥልቀቱን ወደማያውቁት ውኃ አይግቡ። ሞተር አንዴ ውኃ ከሳበ የሚከተለው ወጪ ከመኪናዋ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ነው።

ማደያ ላይ ያለው ቤንዚን ይስማማታል?

ማደያ ላይ ቤንዚን ቤንዚን ነው፤ የኦክቴን፣ ማለትም ቤንዚኑ ያለ ጊዜው መቀጣጠልን የሚቋቋምበት ደረጃ፣ ምርጫ የለም። የጂቲአይ ሞተር ዝቅተኛው 95 ኦክቴን፣ ኤ 45 ደግሞ 98 ኦክቴን ታስቦለት የተሠራ ነው። ከዚያ ያነሰ ሲያገኝ ነዳጁ ያለ ጊዜው ይቀጣጠልና ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ማንኳኳቱን የሚሰማው መሣሪያ የካንዴላውን ብልጭታ ያዘገየዋል፤ ሞተሩ ይተርፋል፣ የተወሰነ ጉልበት ግን ይቀራል። 421 ተብሎ የተገዛው እዚህ 421 እንደማይሆን ከአሁኑ ይወቁት።

አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር 15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያን ያህል ጉልበት ያጣል፤ ቱርቦው ግን አየሩን እየጨመቀ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ይመልሳል፤ በምትኩ ራሱ ይበልጥ ይሽከረከራል፣ ይበልጥ ይግላል። ስለዚህ ከረጅም ጉዞ በኋላ ሞተሩን ወዲያው አለማጥፋት፣ ዘይቱንም መጽሐፉ ከሚለው ቀድሞ መቀየር ይገባል። አቧራውን ሳይረሱ የአየር ማጣሪያውንም።

መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠውን ቤንዚን ግን፣ ሰልፉ ምንም ያህል ቢረዝም አይንኩት። እነዚህ ሞተሮች ነዳጁን በከፍተኛ ግፊት በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጩ ናቸው። በጨርቅ የተጣራ ቤንዚን ፓምፓቸውንና መርጫቸውን ይገድላል።

አውቶማቲክ ወይስ ማንዋል?

የቮልስዋገንና የአውዲ አውቶማቲክ ካምቢዮ እንደ ቶዮታ አውቶማቲክ አይደለም፤ ውስጡ ሁለት ፍሪሲዮን አለው። ትናንሾቹ ሞተሮች ላይ የሚገጠመው ባለ 7 ማርሽ ደረቅ ፍሪሲዮን ያለው ዓይነት በመቆምና በመሄድ ሙቀት ስሙ የጠፋ ነው። ጂቲአይ ላይ ያለው በዘይት ውስጥ የሚሠራ ስለሆነ ይበልጥ ይታመናል፤ ባለ 6 ማርሹ ግን በየ60 ሺህ ኪሎ ሜትሩ የራሱ ዘይትና ማጣሪያ ካልተቀየረለት ይናደዳል። ሻጩ ይህን ዘይት መቼ እንደቀየረ ካላወቀ፣ አልተቀየረም ብለው ይቁጠሩት።

ማንዋል ካገኙ እኔ ማንዋሉን እመርጣለሁ። ፍሪሲዮን መቀየር የሚችል መካኒክ በየሠፈሩ አለ።

መለዋወጫና መካኒክ ከየት አገኛለሁ?

ውሳኔውን የሚወስነው ይህ ነው። መኪናዋን የመግዛት አቅም ያለው ሰው ብዙ ነው። አንዲት ትንሽ ዕቃ እስክትመጣ መኪናዋ ሦስት ሳምንት ቆማ ስትጠብቅ በምን ወደ ሥራ እንደሚሄድ ያሰበ ግን ጥቂት ነው።

ደግ ዜናው ይህ ነው፦ ጂቲአይ ከተራው ጎልፍ፣ ከአውዲ ኤ 3 እና ከስኮዳ ኦክታቪያ ጋር አንድ የሥር መዋቅር ትጋራለች። የመሪ ጫፎች፣ ኩሽኔታዎች፣ ማጣሪያዎች፣ ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች የጋራ ናቸው፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ላይ ትዕግሥት ላለው ሰው የማይገኝ ጥቂት ነው። የራሷ የሆኑት፣ ማለትም ቱርቦው፣ ትልልቁ የፍሬን ዲስክና በኤሌክትሪክ የሚስተካከለው አሞርዛተር፣ ብዙውን ጊዜ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ በሰው እጅ ይመጣሉ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ደግሞ በዶላር የሚታዘዝ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ለኤኤምጂና ለታይፕ አር የሚጋሩት ዘመድ ጥቂት ስለሆነ ነገሩ ከዚህ ይከብዳል።

መካኒክ ሲመርጡ ስለ ልምዱ ሳይሆን ስለ ኮምፒውተሩ ይጠይቁ። ቮልስዋገንን በትክክል የሚያነብ መመርመሪያ አለው ወይስ የሁሉንም መኪና መብራት ብቻ የሚያጠፋ? መብራት ማጥፋት ጥገና አይደለም። አዳማ ላይ ጎበዝ የሞተር ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን የሚበዛው እጃቸው በቶዮታና በኢሱዙ የተፈታ ነው። ከመግዛትዎ በፊት መካኒኩን ያግኙ እንጂ ከገዙ በኋላ አይፈልጉት።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት፦ ቤት ውስጥ ሌላ መኪና ካለ፣ ወይም ሥራዎ በባጃጅ የሚደረስ ከሆነ ጂቲአይ የዕለት መኪና ልትሆን ትችላለች። ብቸኛ መኪናዎ ከሆነችና ያለ መኪና ሥራዎ የሚቆም ከሆነ አልመክርም። ኤ 45 ደግሞ ብቸኛ መኪና እንድትሆን ለማንም አልመክርም።

ያገለገለች ስገዛ ምን ልይ?

መጀመሪያ ሊብሬውን። ከእነዚህ መኪኖች አንዳንዶቹ በዲፕሎማት ወይም ከውጭ በተመለሰ ሰው እጅ ከቀረጥ ነፃ የገቡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቀረጡ ሳይከፈል ስም ማዞር አይቻልም። «በኋላ ይጨርሳል» የሚለውን ደላላ በትሕትና ይሰናበቱት።

ሞተሩን ማየት ያለብዎት ቀዝቅዞ እያለ ነው። ሻጩ «አሙቄ አዘጋጅቼልዎታለሁ» ካለ በማግስቱ ጠዋት ተመልሰው ይሂዱ። ስድስተኛው ትውልድ ጂቲአይ ላይ የታወቀው ሕመም የሞተር ሰንሰለት መወጠሪያው ነው፤ ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማ የብረት መንቀጫቀጭ ካለ ይራቁ፤ ሰንሰለቱ ከዘለለ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። ሰባተኛው ላይ የውኃ ፓምፑ ማቀፊያ ያፈስሳል፤ ከሞተሩ ጎን ሮዝ ደረቅ ምልክት ይፈልጉ። ማርሚታው ተቀይሮ የሚጮህ ከሆነ ኮምፒውተሩም ተነካክቶ ይሆናል፤ እዚህ ባለው ቤንዚን ላይ ጉልበት የተጨመረበት ሞተር ዕድሜው አያጓጓም።

ጎማው ላይ በአራት አሃዝ የተጻፈውን ቀን ያንብቡ፦ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ የሆነ የስምንት ዓመት ጎማ አዲስ አይደለም። አራቱም ጎማ የተለያየ ስም ካለው ደግሞ የቀድሞው ባለቤት በሌላውም ነገር እንዲሁ ይቆጥብ እንደነበር ይገምቱ።

ኤሌክትሪክ ብገዛስ?

በሐቅ ከተነጋገርን ለአብዛኛው ጠያቂ መልሱ ይህ ሳይሆን አይቀርም። የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ከቆመበት ጀምሮ ይሰጣል፤ አደባባይ ላይ ክፍተት አይቶ ለመግባት ከቱርቦው ይፈጥናል፤ የሳሳ አየርም ኦክቴንም አይመለከተውም። ቮልስዋገን አይዲ 3 ለዘብ ያለችው ናት። ፍጥነት ለሚፈልግ ባለ ሁለት ሞተር ኤምጂ 4 ኤክስፓወር 435 የፈረስ ጉልበት አላት፤ 100 ላይ በ3.8 ሰከንድ ትደርሳለች። እውነቱን ለመናገር ለፍራንኮ ሠፈር ይህም ከመጠን ያለፈ ነው።

ሁለት ነገር ይጣራ። ከቻይና የመጡት የሚጠቀሙት የቻይናውን የቻርጀር ሶኬት ነው፤ በአካባቢዎ ያለው ፈጣን ቻርጀር የአውሮፓው ከሆነ አይገጥምም። ቤትዎ ባለው ተራ ሶኬት ደግሞ 57 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ከ24 ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ለዕለት ጉዞ ግን በየሌሊቱ ትንሽ ትንሽ መሙላት ስለሚበቃ ችግሩ ሲወራ የሚያህል አይደለም። አዲስ አበባ ሲወጡ ወደ 700 ሜትር ከፍታ አለ፤ 1,700 ኪሎ ግራም ለምትመዝን መኪና ይህ ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይበላል፤ ሲመለሱ ከፊሉን ታገኘዋለች። ከፍታው ሳይሆን በ120 መንዳቱ ነው ባትሪውን የሚጨርሰው። ባትሪው ወለሉ ሥር ስለሆነ ደግሞ ድንጋይ የበዛበት የውስጥ መንገድ ላይ ጥንቃቄ አይጉደል።

ቤተሰብ ይመቸዋል?

ጎልፍ አምስት ሰው ትይዛለች፤ የዕቃ መጫኛዋ 380 ሊትር ነው፣ የኋላ ወንበር ሲታጠፍ 1,270 ይሆናል። ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከነ አስቤዛው ይገባል። ታይፕ አር በሁለቱ የቅርብ ትውልዶቿ አራት ወንበር ብቻ ነው ያላት። ልጆችዎ ከኋላ ሆነው ሲነቃነቁ እንደሚውሉ ግን ይወቁት፤ ወደ ሶደሬ ሲወስዷቸው ቀድመው የሚያማርሩት እነርሱ ናቸው።

ኢንሹራንሱስ?

የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ ለእንዲህ ያለች መኪና ሙሉ ዋስትና ሳይገቡ መንዳት ግን ሞኝነት ነው። ውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ የዛሬው የገበያ ዋጋ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ያነሰ ከተጻፈ ካሣውም በዚያው ልክ ሊያንስ ይችላል። ለመለዋወጫ የሚከፍሉት በአዲስ ዕቃ ዋጋ ነው ወይስ በአሮጌ? ይህንን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ወስኛለሁ፣ ልገዛ ነው። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

የኋላውን ወለል ከፍተው ተጠባባቂ ጎማ መኖሩን ይዩ። ብዙዎቹ ሲሠሩ ጀምሮ የሚመጡት በአየር መንፊያና በማጣበቂያ ፈሳሽ ብቻ ነው፤ ያ ለምስማር ቀዳዳ ይሠራል፣ ለተቀደደ ጎን አይሠራም። ስለዚህ አምስተኛ ቸርኬ ከነ ጎማው ይግዙ፤ ከተቻለ 17 ኢንች። ጃኩና የቸርኬው መቆለፊያ ቁልፍ አብረው መኖራቸውን ያረጋግጡ፤ መቆለፊያው ጠፍቶ ከሆነ ጎማ የሚፈታልዎት ሰው አያገኙም። ከዚያ የሞተሩን ዘይት፣ የካምቢዮውን ዘይት፣ የአየር ማጣሪያውንና የፍሬን ፈሳሹን ሻጩ ምንም ቢልዎት በአንድ ጊዜ ይቀይሩ፤ የቀየሩበትን ኪሎ ሜትርም ጽፈው ሊብሬው ጋር ያስቀምጡ።